የግራ ኪስ አሸዋ

ባለቤቴ ከሞተር ወድቆ አያውቅም። ይህን የምለው እኔ አይደለሁም፤ እሱ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያ አሸዋ ላይ ያንን የሚያህል ሞተር ሲነዳ፣ አንድ ቀን እንኳን "ወደቅኩ" የሚል ቃል ከአፉ ሲወጣ አልሰማሁም። እሱ የሚለው "ትንሽ አረፍ አልኩ" ነው። "ከሁለተኛው ፓምፕ አለፍ ብዬ ትንሽ አረፍ አልኩ" ካለ፣ ሞተሩ በጎኑ ተኝቶ፣ እሱም ከሞተሩ አጠገብ ተዘርግቶ ነበር ማለት ነው።

እኔ ግን ልብሱን አጣቢ ነኝና እውነቱን የምሰማው ከአፉ ሳይሆን ከኪሱ ነው። ሱሪውን ገልብጬ ሳራግፍ ከቀኝ ኪሱ አሸዋ ከወጣ በቀኝ በኩል አረፍ ብሏል፤ ከግራ ከወጣ በግራ። ከሸሚዙ የደረት ኪስ የወጣ ዕለት ደግሞ ምንም አልጠይቀውም። እራቱን አቀርብና የወገብ ማሻ ቅባቱን አጠገቡ አስቀምጣለሁ። እሱ ቅባቱን ያይና "ምነው፣ ዛሬ ወገብሽን አመመሽ እንዴ?" ይለኛል።

ሥራው ፓምፕ መጠገን ነው። የውሃ መሥሪያ ቤቱ ራቅ ራቅ ባሉ መንደሮች ውስጥ አሥራ አራት የጉድጓድ ፓምፖች አሉት፤ አሥራ አራቱም የሚበላሹት በበጋ፣ ሰው ውሃ በሚፈልግበት ሰዓት ነው። ወደነሱ የሚወስዱትም መንገዶች መንገድ የተባሉት፣ ስም ማውጣት የሚከለክል ስለሌለ ነው እንጂ አሸዋ ናቸው። መኪና ይሰምጥባቸዋል። ቀላል ሞተር ያልፋቸዋል፤ ግን የመሣሪያ ሣጥኑንና ቱቦውን አይችልም። ስለዚህ መሥሪያ ቤቱ ከስንት ዘመን በፊት የገዛው ያ ግዙፍ ሞተር ለባለቤቴ ተሰጠው፤ ከዚያ ወዲህ ሁለቱን ማን ይለያቸዋል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚባለው ስለ እሱ ሳይሆን አይቀርም።

ለሞተሩ ስም አውጥቶለታል፤ "እሜቴ" ይለዋል። በዚህ ላይ አንቱታ አለ። "እሜቴ ዛሬ ዘይታቸው ጎድሏል።" "እሜቴ ትንሽ ሞቅ ብሏቸዋል፣ ጥላ ሥር ላቁማቸው።" እኔን ያው "አንቺ" ነው የሚለኝ። አንድ ቀን ታዲያ ቢመረኝ "ለመሆኑ እኔን መቼ ነው አንቱ የምትለኝ?" ብዬ ጠየቅኩት። ከሳህኑ ቀና ሳይል "ሁለት መቶ ሠላሳ ኪሎ የሞላሽ ቀን" አለኝ።

አሸዋ ላይ ስለ መንዳት ሲያስተምር ብትሰሙት ምስክር ወረቀት የሚሰጥበት ይመስላችኋል። ትምህርቱ እራት ላይ ነው፤ ተማሪዋ እኔ ብቻ ነኝ። ጨው ማስቀመጫው እሜቴ ይሆናል፣ የጠረጴዛ ልብሴ ተጨማድዶ አሸዋ ይሆናል።

"አሸዋው ከመጀመሩ በፊት ጎማውን ታስተነፍሻለሽ" ይላል። "በአውራ ጣትሽ ስትጫኚው እንደበሰለ ቲማቲም እሺ ማለት አለበት። ከዚያ ቆመሽ ነው የምትነጂው፤ መቀመጫው ለጌጥ ነው። መሪውን እንቁላል እንደያዘ ሰው ያዝ ማድረግ ነው። የፊት ጎማውን እንዳታዪ። ዓይንሽ የሄደበት ነው ሞተሩም የሚሄደው። ሲንገዳገድብሽ ደግሞ፣" እዚህ ላይ ጣቱን ያነሳል፣ "ፍሬን እንዳትነኪ። ሲያስፈራሽ ጋዝ ስጪ።"

እኔ ሲያስፈራኝ የምሰጠው ጋዝ የለኝም፤ በሕይወቴ ሞተር ነድቼ አላውቅም። እኔ የምሠራው ሆስፒታል ነው። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ አልጋ ላይ የዋሉ ሕሙማንን ሳገላብጥ፣ ሳነሳ፣ ሳስቀምጥ ነው የኖርኩት። ቀላሉም ከባዱም፣ ደጉም ነጭናጫውም በእጄ አልፏል። ስለ ሥራዬ እራት ላይ ትምህርት ሰጥቼ አላውቅም፤ የሚጠይቀኝም አልነበረም።

በዚህ ዓመት በጋው ገና ሳይጋመስ ከመሥሪያ ቤቱ አንድ ደብዳቤ መጣ። የጥገና ክፍሉ ኃላፊ አዲስ ናት፤ ልጅ እግር ኢንጂነር፣ ትሑት፣ ግን የጻፈችውን የማትሰርዝ። በሌላ አካባቢ አንድ ጠጋኝ ሞተሩ ወድቆበት፣ ማንሳት አቅቶት፣ በዚያ ሐሩር ግማሽ ቀን ከሞተሩ አጠገብ ቁጭ ብሎ ቆይቷል። ሲያገኙት ራሱን ስቶ ነበር፤ በጭንቅ ነው የተረፈው። ስለዚህ ከእንግዲህ ብቻውን ወደ መንደሮቹ የሚሄድ ሁሉ በግቢው በተከመረው አሸዋ ላይ ሞተሩን አስተኝቶ፣ ያለ ማንም እርዳታ አንስቶ ያሳይ ይላል ደብዳቤው። ፈተናው የዛሬ አሥር ቀን፣ ሰኞ ነው። ያላነሳ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ይዛወራል። እስከዚያ ማንም ያለ ሁለተኛ ሰው አይሄድም።

ባለቤቴ ደብዳቤውን አንብቦ ሳቀ። "ይቺ ልጅ ሳትወለድ እሜቴን ሳነሳ ነበር" አለ። ሲስቅ ግን እጁ ወገቡን ያዝ አድርጎ ነበር። እኔ ይህን አየሁ፤ ሥራዬ ሰው የቱን እንደሚያመው ሳይነግሩኝ ማየት ነው።

እሁድ ጠዋት ሻይ ላፈላ ወደ ወጥ ቤት ስገባ ከጓሮ ጓ የሚል ድምፅ ሰማሁ። በመስኮት ብመለከት እሜቴ በጎናቸው ተኝተዋል። በምን ላይ ቢሉኝ፣ በእንግዳ ፍራሻችን ላይ። እንዳይጫሩ ብሎ ከአልጋው አንስቶ ወስዶ አንጥፎላቸዋል። እንግዳ ሲመጣ አንሶላ እንኳን የት እንዳለ የማያውቅ ሰው ለሞተር ሲያነጥፍ ሳይ መጀመሪያ ሳቄ መጣ።

ቀጥሎ ያየሁት ግን አላሳቀኝም። ከሞተሩ ፊት ለፊት ቆመ፣ ጎንበስ አለ፣ መሪውን በሁለት እጁ ይዞ በወገቡ ጎተተ። ሞተሩ ከፍራሹ አንድ ስንዝር ከፍ አለና ተመልሶ ወደቀ። እንደገና ጎተተ። በሦስተኛው መሪውን ለቆ ፍራሹ ላይ፣ ከሞተሩ አጠገብ ቁጭ አለ። ፊቱን በመዳፉ ጠረገ። ለካ ያለፈውን አንድ ዓመት ብቻውን አንስቶት አያውቅም። እንዲያ አምሽቶ የሚመጣው፣ ባረፈበት ቦታ ሆኖ መንገደኛ እስኪያልፍ እየጠበቀ ነው።

ጎረቤታችን አናጢው በአጥር ብቅ ብሎ "ጋሼ፣ ምን ሆነው ነው?" አለው።

"ምንም። እሜቴ ትንሽ አረፍ ብለው ነው።"

አናጢው ዘሎ ገባና ለሁለት አነሱት። ባለቤቴ ፍራሹን አራግፎ ወደ ቦታው መለሰና ሻይ ሊጠጣ ገባ። "ዛሬ ሻይው ይጣፍጣል" አለኝ። ገና ስኳር አልጨመርኩበትም ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ አንድ ነገር መናገር አለብኝ፤ ሰውን ስነቅፍ ውዬ የራሴን ብደብቅ ነውር ነው። ስህተቱን ገና አንዴ እንዳየሁት አውቄዋለሁ። ከባድ ነገር ጎንበስ ብለው በወገብ አይነሳም። እኔ ከኔ እጥፍ የሚከብዱ ሰዎችን ያነሳሁት ጉልበቴ ከሰው የተለየ ሆኖ አይደለም፤ በእግር ስለማነሳ ነው። አንዲት ቃል ብናገር ይበቃ ነበር። አልተናገርኩም።

ለምን ብትሉኝ፣ ግምጃ ቤቱን አውቀዋለሁ። ወንበር አለው፣ ጣሪያው ላይ ማራገቢያ አለው፣ በሩ በአሥራ አንድ ሰዓት ይዘጋል። እሱ እዚያ ቢቀመጥ እኔ ደግሞ በየማታው በር በሩን ማየቴን እተዋለሁ። ሐሩሩ ሲበረታ ሕሙማኑን እያገላበጥኩ፣ አሁን የት ጋ ይሆን፣ ውሃ ይዟል ወይ፣ ሞተሩ ላዩ ላይ ይሆን ወይ እያልኩ ልቤ አይሰቀልም። ስለዚህ ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም አልኩ። ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል፤ የኔው ግን ስስት ነበር። እሁድን፣ ሰኞን፣ ማክሰኞን እንዲሁ አለፍኩ።

ረቡዕ የእረፍት ቀኔ ነው። ጠዋት ስልኩ ጮኸ፤ የመጨረሻው፣ የሩቁ መንደር ፓምፕ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ውሃ ማውጣት አቁሟል። ኢንጂነሯ ነበረች። ድምፅዋ ይሰማኛል። "ጋሼ፣ ሌሎቹ ሁለት ጠጋኞች በሌላ በኩል ወጥተዋል። ሁለተኛ ሰው ከሌለዎት ነገ ነው።"

ባለቤቴ ወደኔ ዞር ብሎ አየኝና "ሁለተኛ ሰው አለኝ" አላት።

"ማን ነው?"

"የሆስፒታል ሠራተኛ ናት።"

ስልኩን ዘጋና ድምፁን ለስለስ አድርጎ "ሃያ ሰባት ዓመት አብረን ስንኖር መንገዴን አላየሽውም እኮ" አለኝ። ሃያ ሰባት ዓመት ያልታሰበው መንገድ ደብዳቤው በመጣ ሳምንት ታሰበ። "መልክአ ምድሩ ያምራል" ብሎ ጨመረበት። አሸዋ ነው ያለው፣ ሌላ ምን መልክ ይኖረዋል ብዬ ሻሼን አሰርኩ።

ፀሐዩ ገና ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ነው ማቃጠል የጀመረው። መቀመጫው ላይ እርጥብ ፎጣ አነጠፈልኝ፤ የጠፋብኝ ሰማያዊ ፎጣዬ መሆኑን ያወቅኩት ከተቀመጥኩበት በኋላ ነው። አስፋልቱ አልቆ ጠጠሩ ሲያልቅ፣ አንድ ብቸኛ ዛፍ ሥር አቁሞ ጎማውን አስተነፈሰ። በአውራ ጣቱ ተጫነው። እኔም እንድጫነው ጋበዘኝ። እውነትም ቲማቲም።

ከዚያ በኋላ አሸዋ ብቻ ሆነ። እሱ ቆመ፣ እኔ ከኋላ ቀበቶውን ይዤ ዓይኔን ጨፈንኩ። ሞተሩ እንደ ጀልባ ይዋልላል፤ ከታች የሚመጣው ሙቀት የጫማዬን ሶል አልፎ እግሬን ይልሰዋል፤ ከላይ ደግሞ ፀሐዩ ጀርባዬ ላይ ተጭኗል። ትንሽ ቆይቼ ዓይኔን ብገልጥ ባለቤቴ እያፏጨ ነው። ትከሻው ቀና፣ ክንዱ ዘና ብሏል። ቤት ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጦ የማየው ሰውዬ አልነበረም። ከደስታው ብዛት አሥር ዓመት ቀንሷል። ይህን እያየሁም ስለ አነሳሱ የማውቀውን አልነገርኩትም።

አንድ ጠባብ ቦታ ላይ ስንደርስ ነፋስ መጣና ሻሼን ገፎ ወሰደው። ሳላስበው "አቁም!" አልኩት።

ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ አንዴ ብነግረው ሰምቶኝ አያውቅም። አምፖል ቀይር ብለው ወር ይፈጅበታል። ያን ዕለት ግን፣ በዚያ አሸዋ ላይ፣ በመጀመሪያው ቃል ታዘዘኝ። ፍሬን ያዘ።

የፊት ጎማው ወደ ቀኝ ታጠፈና ሦስታችንም ተኛን። አሸዋው ለስላሳ ነው፤ ምንም አልሆንኩም፣ አፌ ብቻ ሞላ። እሱ ቀድሞኝ ተነሳና አንስቶኝ አራገፈኝ። ሻሼንም ሮጦ አመጣልኝ። ከዚያ ወደ ሞተሩ እያየ "ትንሽ አረፍ አልን" አለ።

"እህ" አልኩት፣ አሸዋውን እየተፋሁ።

ሞተሩን ሊያነሳ ጎንበስ አለ። ጎተተ። አልተነሳም። "እስቲ ያን ጫፍ ያዢልኝ" አለኝ። ያዝኩ። ለሁለት ጎተትን፣ አልተነሳም። እንደገና ጎተትን። እውነቱን ልናገር፣ እኔ በሙሉ ጉልበቴ አልጎተትኩም። ከንፈሬን ነክሼ የጎተትኩ አስመሰልኩ እንጂ።

ዙሪያውን አየ። ሰው የለም፣ ጥላ የለም። ከያዝነው ሁለት ጠርሙስ ውሃ አንዱ አልቋል። ከነዳጁ ክዳን ሥር ጠብ፣ ጠብ ይላል። ሄልሜቱን አውልቆ አሸዋው ላይ አስቀመጠና እሜቴን ትኩር ብሎ አያቸው። አልተቆጣም፣ አልሰደበም።

"በቃ፣ ከእንግዲህ ሌላ ሰው ይምጣላቸው" አለ፣ ቀስ ብሎ። "እኔ አርጅቻለሁ።"

ሦስት ቀን ሙሉ ስመኘው የነበረውን ነገር በገዛ ጆሮዬ ሰማሁት። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አንጀቴን በላው እንጂ ደስ አላለኝም። ይህ ሰው ስንት ጊዜ ሲወድቅ አልወደቅኩም ብሏል፤ አንድ ጊዜ አርጅቻለሁ ሲል ግን መስማት አልቻልኩም። ደግሞም አላረጀም፤ አነሳሱን ነው ያላወቀው። ያንን የማውቀው እኔ ነበርኩ፤ ይዤ የተቀመጥኩትም እኔ።

"ዞር በልልኝ" አልኩት።

"ምን ልታደርጊ?"

"ሥራዬን።"

መጀመሪያ የመሣሪያ ሣጥኑን ፈታሁና አወረድኩ። ሕመምተኛን ከነብርድ ልብሱ አያነሱትም። "ሣጥኑን አውርደህ አንስተህ አታውቅም?" ብለው "ምን ነካሽ፣ ሰው ቢያየኝ?" አለኝ። በዚያ ምድረ በዳ ማን ሊያየው እንደሆነ አልጠየቅኩትም። ሞተሩ የተኛው በቀኙ ነው፤ የጎን መቆሚያው ከላይ ነውና ዘረጋሁት፣ ሲነሳ በዚያኛው በኩል እንዳይወድቅ። ከሣጥኑ ሥር ያለውን የላስቲክ ምንጣፍ አውጥቼ እግሬ እንዳይሰምጥ አነጠፍኩት። መሪውን ወደ መሬት አጠፍኩት። ከዚያ ለእሜቴ ጀርባዬን ሰጠኋቸው። ቁጢጥ ብዬ መቀመጫቸው ጠርዝ ላይ ተደገፍኩ፤ በአንድ እጄ መሪውን፣ በሌላው ከኋላ ያለውን ብረት ያዝኩ። ወገቤን ቀጥ፣ አንገቴን ቀና። በእግሬ ገፋሁ። አንድ አጭር እርምጃ ወደ ኋላ፣ ሌላ አጭር እርምጃ፣ ሌላ። ክብደቱ መጀመሪያ ላይ እምቢ ይላል፣ ግማሽ ላይ ሲደርስ ሐሳቡን ይቀይራል። ሰውም እንዲሁ ነው።

እሜቴ ቆሙ።

ባለቤቴ ወደ ሞተሩ አየ፣ ወደኔ አየ፣ ወደ ምንጣፉ አየ።

"ይህን ነገር ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?"

"ከሃያ አራት ዓመት ጀምሮ። እሁድ ጠዋት ደግሞ በመስኮት አይቼሃለሁ።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

ቀልድ ሊመጣልኝ ነበር፤ ፍራሼን ስላቆሸሽክብኝ ልለው። አላልኩትም። "ግምጃ ቤት ብትቀመጥልኝ ብዬ ነው" አልኩት። "በየቀኑ ስትወጣ እፈራለሁ። እፈራለሁ ብዬህ አላውቅም እንጂ ሁልጊዜ ነው የምፈራው።"

ሄልሜቱን አነሳና አሸዋውን ረጅም ጊዜ አራገፈ። ከዚያ "እሺ" አለ። እስከ መንደሩ ድረስም አላፏጨም። እኔም ቀበቶውን ይዤ፣ ይህ ሰው አሁን ተቀይሞኝ ይሆን ወይስ ጋዙን እያዳመጠ ነው እያልኩ ሄድኩ።

መንደሩ ስንደርስ ጀሪካኖቹ ከፓምፑ እስከ መጀመሪያው ቤት ድረስ ተሰልፈዋል። እሱ ሰላምታውን ሰጥቶ ወዲያው ሥራ ጀመረ። ቡሎኖቹን ፈታ፣ ቱቦውን ቁራጭ በቁራጭ ከጉድጓዱ አወጣ፣ መጨረሻ ላይ ተበልቶ ያለቀውን ጎሚኒ፣ ውሃውን የሚይዘውን የጎማ ቀለበት፣ አውጥቶ እንደ ወለቀ ጥርስ ለተሰበሰበው ሰው አሳየ። እኔ ጥላ ሥር ከአንዲት አሮጊት ጎን ተቀመጥኩ። አሮጊቷ ሱሪውን ደጋግመው አዩና ወደኔ ጠጋ አሉ።

"አንቺ ነሽ ባለቤቱ?"

"አዎ፣ እማማ።"

"እኔማ የምትቆጪ፣ የምታስፈሪ ሴት ነበር የመሰልሽኝ።"

"ለምን?"

"ከዚህ ሲሄድ መንደሩ ዳር ላይ ቆሞ ኪሱን ሁሉ ይገለብጣል፤ አሸዋውን ያራግፋል፣ በጣቱ ይጠርጋል። ልጆቹ ቆመው ይስቁበታል። ምን ሆነህ ነው ስለው፣ ባለቤቴ ካየች ትጨነቃለች ይለኛል።"

ስንት ዓመት ሙሉ እኔ ብልጧ፣ ኪስ አንባቢዋ፣ ያነበብኩት ትራፊውን ነበር። ከወደቀው ግማሹን እንኳን አላውቅም። ማወቄን አላወቀም፣ መደበቁን አላወቅኩም፤ ሁለታችንም በአንድ ሱሪ ውስጥ ስንደባበቅ ኖረናል። ልስቅ ወይስ ላለቅስ እንደሆነ ሳላውቅ ፓምፑ ሁለቴ አስለና ውሃው መጣ። ሕዝቡ ጮኸ። ባለቤቴ እስከ ክርኑ ረጥቦ ወደኔ አየ፤ አየሽ ወይ የሚል አስተያየት ነበር። ራሴን ነቅንቄ አይቻለሁ አልኩት።

ስንመለስ፣ ጎማውን መልሶ ሊነፋ እዚያው ብቸኛ ዛፍ ሥር አቆመ። ከልማዱ የተነሳ እጁን ወደ ኪሱ ከተተና ሊገለብጠው ሲል አየኝ። እጁ እዚያው ቀረ።

"ተወው፣ እኔው አራግፈዋለሁ" አልኩት።

እጁን አወጣ። ከዚያ ሣጥኑን ይፈታ ጀመር። "እስቲ ያንን ነገር አሳዪኝ" አለ። እሜቴን በቀስታ አስተኛቸው። ጀርባውን ሰጥቶ ቁጢጥ አለ። መጀመሪያ አልሆነለትም፤ ወገቡ ሃምሳ ዓመት የለመደውን አሁን እንዴት ይረሳዋል። "መቀመጫህን ዝቅ አድርግ። ወገብህን ተወው፣ እሱ ዛሬ እንግዳ ነው" አልኩት። በሁለተኛውም አልሆነም። በሦስተኛው እግሩ መሥራት ጀመረ፤ አንድ እርምጃ፣ ሌላ እርምጃ፣ እሜቴ ቀና አሉ። በግራም አስተኝቶ አነሳ። ፀሐዩ እስኪያዘነብል ድረስ አልለቀቀኝም፤ እኔም እንደ ሕፃን ሐኪም "ጎበዝ፣ አሁንም አንዴ" ስለው ቆየሁ።

የፈተናው ሰኞ እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። ስንት ሕመምተኛ እንዳገላበጥኩ አላስታውስም፤ አንዱን ሽማግሌ ሁለት ጊዜ ፊታቸውን አጥቤያቸዋለሁ። ቤት ስገባ እሱ ቀድሞኝ ገብቶ ወጥ ቤት ዳቦ ይቆርጣል። ፊቱ ላይ ምንም አይነበብም።

"እህስ?"

"ኢንጂነሯ፣ ጀርባዬን ለሞተሩ ስሰጥ፣ ጋሼ ተኳርፋችሁ ነው እንዴ አለችኝ።"

"አንተስ?"

"ሕመምተኛ ላነሳ ነውና ገለል በሉልኝ አልኳት።" ዳቦውን ቆርጦ ጨረሰ። "ሁለቴ አነሳሁ። ለሌሎቹም አስተምርልን ብላኛለች። አስተማሪዋ ሆስፒታል ናት፣ ሥራ ይበዛባታል ብያለሁ።"

ደስ አለኝ። ፈራሁም። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ አንዱ ሌላውን አላስወጣውም።

ከዚያ ወዲህ በሦስተኛው ሳምንት፣ አንድ ቀን በጊዜ መጣ። ሄልሜቱን ሰቀለ፣ ጫማውን በር ላይ አወለቀ፣ ሱሪውን ቀይሮ ያወለቀውን አጣጥፎ ሰጠኝ። ይከብድ ነበር። ግራ ኪሱ እስከ አፉ ሙሉ ነው፤ ያልተገለበጠ፣ ያልተጠረገ፣ እንደወረደ። ቀና ብዬ አየሁት። ጠረጴዛው ላይ ጨው ማስቀመጫውን እያስተካከለ ነበር።

"ከአራተኛው ፓምፕ አለፍ ብዬ ወደቅኩ" አለ።

ሃያ ሁለት ዓመት የጠበቅኩት ቃል ነው።

"ማን አነሳህ?"

"ራሴ።"

ሱሪውን ይዤ ወደ ጓሮ ወጣሁ። አሸዋው በእጄ ላይ ሲፈስ ገና ይሞቅ ነበር። አራገፍኩትና ገብቼ እራት አቀረብኩ።